የእማዬን ጀርባ ማን ያጥባል

የወንድሜ ልጅ ሐኪም ናት። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ። የጡት ካንሰር ሕዋስ አንዳንዴ ሰውነትን ከሚጠብቀው ነጭ የደም ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ አንድ ይሆንና፣ በጠባቂው መንገድ ወደ አጥንት ይጓዛል ተብሎ እየተጠና ነው አለችኝ።

«ዘበኛው የቤት ሰው መስሎት ያሳልፈዋል በይኛ» አልኳት። ይህን ስል የታየኝ የእናቷ የዘውዴ ፊት ነው። ነፍሷን ይማር፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር ገና አልጨረስኩም።

ዘውዴ ለወንድሜ ተድራ ከይርጋለም ወደ እኛ ቤት ነገሌ ስትመጣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ በጭነት መኪና ስለሚመላለስ ቤቱ የሦስት ሴቶች ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የእማዬን ጀርባ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ዝናቡ ዘግይቶ ቀይ አቧራው ወተቱ ላይ ሳይቀር በሚያርፍበት ወራት ለአንድ የሞያሌ መምህር ታጨሁ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ዘውዴን ብቻ ይዛ በር ትዘጋ ጀመር። ከውስጥ የውሃ ድምፅና ሹክሹክታ ይሰማኛል። እማዬን ብጠይቃት ሙሽራ እጇን በውሃ አታበላሽም አለችኝ። ወርቋን እየሰጠቻት ነው ብዬ በሩ ላይ ጆሮዬን እጥል ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ተዳርኩ። ለመልስ ከሞያሌ ስንመጣ ዱብሉቅ ላይ ዝናብ ያዘን፤ ሜዳው በአንድ ሳምንት ለምልሞ ነበር። ማዕዱ ሲቀርብ ሙሽራዋን የምታጎርስ እናት ናት። እማዬ ክንዷን ልታነሳ ሞክራ ተወችው። ዘውዴ ፈጠን ብላ ጠቀለለችና በእሷ ፈንታ እጇን ዘረጋችልኝ። በሰው ሁሉ ፊት አፌን ገጠምኩ። ዛሬም ቢሆን እገጥማለሁ።

ግብዣው ሲበተን ቅቤ የምታመጣልን አዴ ሎኮ በር ላይ አገኘችኝ። «አካም፣ ናጋ?» ብላ ሰላም አለችኝና፣ የማውቅ መስሏት፣ «ቅቤው ለእናትሽ ጡት ረዳ? ዘውዴ ሁሌ ትወስዳለች» አለችኝ።

ዘውዴን ጓዳ ውስጥ አገኘኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና።»

«የወለደችኝ እናቴ፣ ለእኔ ሳትነግር ላንቺ?»

«የዘር በሽታ ነው ይባላል። አማቶችሽ ቢሰሙ ማን ይወስድሻል? እኔ ባዳ ነኝ፣ ባውቅም የሚቀርብኝ የለም። ሰርጉ ይለፍ ብለው እናትሽ አስማሉኝ።»

መሐላ! እናት ከምትሞት መሐላ ቢፈርስ ምን ነበረበት? እማዬ ሐኪም ቤት ስትደርስ በሽታው አጥንቷ ገብቷል ተባለ። መንገዱን ሁሉ ጋቢና ውስጥ ደግፋ የወሰደቻት ዘውዴ ናት፤ እኔ የሰው ሚስት ነበርኩ። የመጨረሻ ቃሏንም የሰማችው እሷ ናት። ምን እንዳለች ጠይቄያት አላውቅም። እንድትነግረኝ ለመለመን ልቤ እምቢ አለ።

እሑድ ዕለት ሐኪሟ፣ «አክስቴ፣ እርስዎንም ልይዎት» አለችኝ። ልጄ አብራን መኝታ ቤት ልትገባ ተነሳች። አንቺ ሻይ አፍዪ ብዬ በሩን ዘጋሁ። የዘውዴ ልጅ ጣቶች ረጃጅሞች ናቸው፤ የእማዬ ጣቶች። ብብቴ ሥር ደርሰው ቆሙ። አለፉ፤ እንደገና ተመለሱ።

«ለልጄ እንዳትነግሪያት» አልኳት።

ከበሩ ውጭ ጸጥ ብሏል። ልጄ ሻይ እያፈላች አልነበረም። ሰው ጆሮውን በር ላይ ጥሎ ሲቆም እንዴት ጸጥ እንደሚል እኔ አውቃለሁ።