የምደግምበት ጥምዝምዝ

ዐረብ አገር፣ ኾባር ውስጥ በር እየጠበቅሁ አትክልት አጠጣበት በነበረው ቪላ ጓሮ፣ ከቴምሩ ዛፎች ኋላ፣ በነጫጭ ድንጋይ የተሠራ ጥምዝምዝ መንገድ ነበር። ያሠራችው ቤቱን ከካፊሌ፣ እኔን ካስመጣኝ አሠሪዬ፣ ተከራይታ የነበረች አሮጊት ፈረንጅ ናት፤ ባሏ ዳህራን ይሠራ ነበር። ድንጋዩን ከባሕር ዳር እያመጣን አብረን ደረደርነው።

“እጠፋለሁ ብለህ አትፍራ” ትለኝ ነበር፣ ከእኔ በባሰ ዐረብኛ። “መንገዱ አንድ ብቻ ነው። እንደወሰደህ ሂድ፣ መሐሉ ላይ ቁም፣ በገባህበት ተመለስ። ጸሎት ነው።”

መጀመሪያ የፈረንጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ለመድሁት። እኔ የፊደል ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ከቄስ እግር ሥር የያዝኳት አቡነ ዘበሰማያት ናት ያለችኝ። እዚያ አገር ደግሞ ዞሬ የምሳለመው ቤተ ክርስቲያን የለም። ፈረንጂቱ አገሯ ከገባች በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት አትክልቱን አጠጥቼ ስጨርስ ጫማዬን አውልቄ እገባበታለሁ። በየእጥፋቱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ድምፅ የለም፣ ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ቆይቶ ቤቱን የአገሩ ሰዎች ተከራዩት፤ ባልና ሚስት፣ ሦስት ዓመት ከማይሞላት ልጃቸው ጋር። አንዲት የወሎ ልጅም በሠራተኝነት አብራቸው መጣች። ካገሯ ከወጣች ሁለት ወር አይሞላትም፤ የምታውቀው ዐረብኛ በጣት የሚቆጠር ነው፤ በአማርኛ ግን አፏ አያርፍም። ስዞር በወጥ ቤቱ መስኮት ታየኛለች።

“አንቱ አባባ! እኔ አንድ ሰሐን ሳጥብ አንቱ ደማም ከተማ ደርሰው ተመለሱ እኮ! ምንድን ነው እንዲህ የሚያዞርዎት?”

“እደግማለሁ፣ እታለሜ።”

በእኛ አገር ጸሎት ይደገማል። መተተኛም ይደግማል። ቃሉ አንድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም።

አንድ ሰሞን ሕፃኗ ታመመች። ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ወሰዷት፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወሎዋ ልጅ ዓይኗ አብጦ መጣችና፣ “አባባ፣ በአላህ፣ ለሷም ይድገሙላት” አለችኝ። እሺ ብዬ ዞርኩላት። ገና ከመንገዱ ስወጣ እየሮጠች ተመለሰች።

“ማዳምን ላጽናናት ብዬ፣ አንቱ እየደገሙላት እንደሆነ ነገርኳት። እሷ ግን ጮኸችብኝ! ምን ነካት?”

“በምን ቃል ነገርሻት?”

“ሲህር አልኳታ።”

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቱ የመጣች ዕለት፣ እናቷ ያሰሩላትን ክታብ ማዳም ከአንገቷ በጥሳ “ሲህር! ሲህር!” ብላ ነበር። ልጅቱ ሲህር ማለት ለበሽታ የሚጻፍ፣ የሚደገም መልካም ነገር መስሏት ቃሉን ያዘችው። ሲህር ግን መተት ነው። በዚያ አገር በመተት የተያዘ ሰው አንገቱ በሰይፍ ይሄዳል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል።

የግቢው ቁልፍ በእኔ እጅ ነው፤ ከፍቼ ልውጣ አልኩ። ግን ወዴት? ፓስፖርቴ ካፊሌ ዘንድ ነው። ብወጣ ሁሩብ ይለኛል፣ ጠፋ ብሎ ያስመዘግበኛል። የጠፋ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ያመነ ነው። ከቴምሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ባልየው ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ መጣ። ማዳም ልጇን አቅፋ በር ላይ ቆመች። እሱ ድንጋዮቹን አየ፤ ከዚያ እኔን።

“እዚህ ስትዞር ምንድን ነው የምትለው?”

“ሰላት” እንዳልለው የእኔ ሰላት እዚያ አይፈቀድም። ዝም ብል ማመን ነው። “ዚክር” አልኩት፤ አምላክን ማንሣት ማለቴ ነው። “ማፊ ሲህር፣ ሲህር የለም። ዚክር ብቻ።”

ከማዳም ኋላ ወደቆመችው ወደ ወሎዋ ልጅ ዞረ። “አንቺስ ሲህር ያልሽው ምኑን ነው?”

እሷ እያለቀሰች ባዶ አንገቷን በጣቷ አሳየችው፤ ክታቡ የነበረበትን። ባልየው ገባው መሰለኝ፣ ፂሙን አሻሸ። ሚስቱ ግን ፊቷ አልተፈታም። እሱም ወደሷ አየና ድምፁን አከበደ።

“ኸላስ! ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ይህን ድንጋይ አንሣ። ልጄ ነገ ካልተሻላት ግን እኔና አንተ ሌላ ቦታ እንነጋገራለን።”

ድንጋዩን ልለቅም ገባሁ። የድንጋዩን መስመር ተሻግሬ አላውቅም ነበርና እግሬ እምቢ አለኝ። እንደምንም ተሻገርኩ፤ ስንት እጥፋት ዞሬ የምደርስበት መሐል በአምስት እርምጃ ደረስኩ። ሕፃኗ ከውስጥ ባለቀሰች ቁጥር ማርልኝ፣ ማርልኝ እላለሁ፣ ከንፈሬ እንዳይታይ አፌን በሻሽ ሸፍኜ። ለሷ የምለምን ይመስለኝ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ የምለምነው ለአንገቴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የወሎዋ ልጅ ቆሻሻ ልትጥል ወጣች። ገና ከሩቅ ስታየኝ ፊቷ በራ።

“አባባ! ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ወተት ጠጣች! የደገሙላት እኮ...”

“ዝም በይ!” አልኳት።

እንዲያ ተቆጥቻት አላውቅም፤ ደንግጣ ባልዲዋን አስቀመጠች። ሰው ሰምቶ እንደሁ መስኮቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ተመስገን ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም በሆዴ።