በጉምቦ የተቀበረው ፈረሰኛ

ከንጋቱ 11፡30፣ አማራት ሰፈር

ነጋዴ በነፃ ላድርስህ ሲለኝ ኪሴን ነው የምዳስሰው። ሐጂ ሰይድ እኔ ለምሠራበት ሆቴል ሳሙናና ብስኩት የሚያቀርብ ጅምላ ሻጭ ነው። ለአዲስ አበባ ጋዜጣ እንደምጽፍ ከሰማ ወዲህ «ከወንዙ ማዶ፣ ጉምቦ፣ የአሜሪካዊ ፈረሰኛ መኮንን መቃብር አለ፤ አይተህ ጻፈው» እያለ ልቤን አውልቆታል። ዛሬ ጨለማው ሳይለቅ ፒክአፑን በር ላይ አቆመ።

«ነዳጁን ማን ይችላል?»

«አንተ ብቻ ግባ።»

አላማረኝም።

1፡00፣ የነጭ ዓባይ ድልድይ

ወታደሩ መታወቂያዬን ገለባብጦ አየው። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፤ እዚህ ፎቶ ማንሳት ጣጣ ነው። ከፊታችን ሙዝ የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ነው።

ስለ መኮንኑ ድሮ አንብቤያለሁ። አሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ሆና ስትዋጋ በፈረስ ተዋጋ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ ፈታ፤ ለግብፅ ገዥ ተቀጠረ። በነጭ ዓባይ ሽቅብ እዚሁ ቅርብ፣ ጎንዶኮሮ ድረስ መጥቶ ወባ ጣለው። እኔ እስከማውቀው ግን አገሩ ገብቶ፣ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው። ይህን ለሐጂ አልነገርኩትም። የት እንደሚያደርሰኝ ልይ ብዬ።

2፡15፣ ጉምቦ

የግቢው ባለቤት ኛኪም ጋምቤላ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጣል። ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ እንጀራ በባሚያ አቀረበችልን። ከቤቷ ጀርባ ድንጋይ የተከመረበት መቃብር አለ፤ ከጎኑ ቀይ የተቀባ ችካል። መንገድ ሊወጣ ነው።

«ካዋጃው ያረፈው እዚህ ነው» አለችኝ። ነጭን እዚህ ካዋጃ ይሉታል። የፈረሱን ቀለም ሳይቀር ነገረችኝ። ያን ያህል ማወቋ ይባስ አስጠረጠረኝ።

ሐጂ ጫማውን አወለቀ። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ መዳፎቹን ዘረጋና ፋቲሃ መቅራት ጀመረ።

«ሐጂ፣ ለአሜሪካዊው ነው የምትቀራው?» አልኩት። «ሰውዬው ደግሞ አገሩ ነው የሞተው።»

ሐጂ መቅራቱን ቀጠለ። የመለሰችልኝ ኛኪም ናት።

«እዚህ ያረፈው ባሌ ከድር ነው። የሐጂ ታናሽ ወንድም። የሐበሻ ነጋዴ መቃብር ነው ብላቸው ነገ ግሬደር ያስገቡበታል። ካዋጃ ስላቸው ግን ቆም ይላሉ። ያንተ መኮንን አገሩ ከገባ ስሙን ቢያውሰን ምን ይጎድልበታል?»

ተናደድኩ። ለካ ያመጡኝ ለውሸት ምስክርነት ነው።

3፡30፣ እዚያው

ለካ የመንገዱን ቀያሽም በቀጠሮ ጠርተውታል። ደብተሩን ይዞ መጣና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ «ጋዜጠኛው አንተ ነህ? ነገሩ እውነት ነው?»

ኛኪም ኩባያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ግብፅ፣ ስለ ጎንዶኮሮ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሁሉም እውነት ነው።

«እዚህ ነው የሞተው?»

«ታሞ ነበር» አልኩ። «በጣም ታሞ ነበር።»

ጻፈ። ችካሉን ነቅሎ ከመቃብሩ ሃያ እርምጃ ያህል አርቆ ተከለው። ቦታው ታጥሮ የመኮንኑ ማንነት የተጻፈበት ሰሌዳ እንደሚቆምበትም ነገረን። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ የሐጂንና የኛኪምን ስም ቀይሬያለሁ።

5፡00፣ መልስ

«ከእንግዲህ እዚያ ስሄድ...» አለ ሐጂ።

«ሰው እያየ ለዱዓ እጅህን እንዳታነሳ።»

ድልድዩ ላይ የመኪናው ሰልፍ ሲያቆመን መሪውን ለቆ መዳፎቹን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ።

«ጨርስ» አልኩት፤ መስኮቱንም ዘጋሁለት።