መልሱ የመኪናዬን መስኮት ሲያንኳኳ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! አሜን በሉ እንጂ! እኔ ማይክ ከያዝኩ እንደማልለቅ ባለቤቴ መሠረት ስለምታውቅ ከፊት ወንበር ሆና ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። አይዞሽ፣ አላስረዝምም። ግን ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ ብገባ ምሳዬ አይወርድልኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ለማታውቁኝ ግርማ እባላለሁ። ፊቴን ባታውቁት እንኳ መኪናዬን ታውቋታላችሁ። በየእሁዱ ከአዳራሹ ጎን የምትቆመው፣ መስኮቷ በትንፋሽ የተደፈነው ሰማያዊ መኪና። አዎ! ውስጧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳቁ፣ እኔም አሁን ያስቀኛል። ከከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ከአርችዌይ፣ እስከዚህ ደቡቡ ስትሪትሃም ድረስ መሠረትን ይዣት እመጣለሁ፣ ፓርክ አደርጋለሁ፣ እሷ ትገባለች፣ እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ስለ ኳስ ሲያወሩ አዳምጣለሁ። ክረምት ከበጋ! መዝሙሩ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ ሬዲዮውን ቀነስ አደርጋለሁ። ሰው ሲያልፍ ደግሞ መልሼ ከፍ።

ጌታን ጠልቼ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። እናቴ ምን ትላለች? አብሮ አደጎቼ "ግርማ በስተርጅና በሚስቱ ተጎትቶ ጴንጤ ሆነ" አይሉም? መጀመሪያ ይሄ ነበር። ቆየት ሲል ሌላ ይሉኝታ ተጨመረበት፦ ይሄን ሁሉ ዘመን ደጅ ተቀምጬ አሁን ብገባ እናንተስ ምን ትሉኛላችሁ? ብገባም ሀፍረት፣ ብቀርም ሀፍረት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ በሽታ መሆኑንም አላወቅኩም። ጨዋነት ነበር የሚመስለኝ።

ጌታ ይሄን በሽታ በምን እንዳሳየኝ ታውቃላችሁ? ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ተብሎ በሚወሰድ ፈተና! ክብር ለስሙ ይሁን፣ እሱ በምን እንደሚናገር አይታወቅም።

የምሠራው ቤት በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ነው። የድሮ ፍላቶች ኪችን ሲቀየር፣ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ሲገባ ሠራተኛውንም ተከራዩንም ቀኑንም የማስተባብረው እኔ ነኝ፤ ያውም በጊዜያዊ ኮንትራት። አንድ ቀን አለቃዬ ሊንዳ ጠራችኝና "ግርማ፣ ቦታህ ፐርማነንት ሊሆን ነው። ግን የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬት ግድ ነው። እስከ መኸር ካላመጣህ ለሌላ ሰው ማስታወቂያ ማውጣቴ ነው" አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሲቪ ይዤ ልዞር!

አጠናሁ ወገኖቼ። የሚሸመደደውን ሸመደድኩ፣ ስሌቱን ቻልኩት። የገደለኝ ሌላ ነው፤ የሁኔታ ጥያቄ የሚሉት። "እንዲህ ያለ ነገር ተፈጠረ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" ይሉሃል። ከሥር አራት ምርጫ። አራቱም ሸጋ! አራቱም ልጅህን የምትድርላቸው ዓይነት! የሚፈልጉት ግን መጀመሪያ የምታደርገውን አንዷን ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ኪሴን አስገለበጡኝ፣ መነጽሬን አውልቀው ቼክ አደረጉ፣ መሠረት ጥቅስ ጽፋ የሰጠችኝን ካርድ ሎከር ውስጥ ቆለፉብኝ። ተፈተንኩ፣ ወደቅኩ። ወረቀቱ ላይ ስለ ሥራ ሂደቱ "ጥሩ" ይላል። ስለ ሰው አያያዝ ደግሞ "ከሚፈለገው በታች"። እኔ! ሠርግ የማልቀር፣ ለቅሶ የማልቀር፣ ዊልስደን ሰፈር ሰው ታመመ ሲባል ከተማውን አቋርጬ የምሄድ ሰው፣ ስለ ሰው አታውቅም ተባልኩ! ቆሽቴ አረረ።

ለሊንዳ ስነግራት አልተቆጣችም። "አንድ ጊዜ እንደገና ሞክር" አለችኝና ቀጥላ "ግርማ፣ ሁልጊዜ እሺ ትለኛለህ። የምታስበውን ግን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እሺ አልኳት።

ማታ መሠረት የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ከስልኬ እያነበበች ትጠይቀኝ ጀመር። "አንድ ሠራተኛ ሥራውን በየጊዜው ያዘገያል። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?"

"ልጁ እንዳይከፋው ዝም ብዬ እኔ እሠራለታለሁ።"

"ተሳስተሃል። ለብቻው ጠርተህ ታናግረዋለህ። እሺ፣ ደንበኛው በመሃል 'ይቺን ትንሽ ነገር ጨምሩልኝ' አለ።"

"እጨምራለኋ! እንዴት ትንሽ ነገር እከለክለዋለሁ?"

"ተሳስተሃል። ሥራውን ምን ያህል እንደሚያዛባ መጀመሪያ ታያለህ። እሺ፣ ሁለት ሠራተኞች ተጣሉ።"

"የሚያከብሩት ትልቅ ሰው ልኬ አስታርቃለሁ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አየችኝ። "ግርሜ፣ ችግርህ እንግሊዝኛ አይደለም። ዕውቀት ማነስም አይደለም። ይሉኝታ ነው! የአንተ መልስ ሁሉ ወይ እሺ ነው፣ ወይ ሆድ ይፍጀው ነው።"

ተናደድኩ። እውነት ሲነካ ያማል አይደል? አርችዌይ ያሉ አንዲት አሮጊት ተከራይ ትዝ አሉኝ። ኪችናቸውን ጨርሰን ስንወጣ "የኔ ልጅ፣ ኮሪደሩንም ቀለም ብትቀቡልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ቀቢዎቹ ኮሪደር ሲቀቡ የጎረቤታቸው ቤተሰብ ያለ ምድጃ ከረመ። እኔ ደግ የሆንኩ መስሎኝ!

አሁን እህቶች፣ ወንድሞች፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እሁድ መጣ። ዝናብ ነው። መሠረት ገባች፣ እኔ እንደ ልማዴ መኪናዬ ውስጥ። ሬዲዮውን ዘግቼ ስልኬ ላይ እለማመዳለሁ። አንድ ጥያቄ መጣ። "ሥራው በቀጥታ የሚመለከተው አንድ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ስብሰባ ላይ አይገባም። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" ምርጫዎቹን ስሙ። አንደኛ፣ ለበላዩ ሪፖርት አድርግበት። ሁለተኛ፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ በኢሜይል ላክለት። ሦስተኛ፣ ስሙን ሰርዘህ ያለ እሱ ቀጥል። አራተኛ፣ ያለበት ድረስ ሄደህ አግኘው።

እያሰብኩ ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ።

ጋሽ ወርቁ ናቸው! እኚህ በር ላይ የሚያስተናግዱን አባታችን። ሁላችሁም የጉልበታቸውን ሕመም ታውቃላችሁ። እሳቸው በየእሁዱ ስብከቱ ሳይጀመር ሻይ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፤ በቀለበታቸው መስኮቱን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ያን ቀን ቀለበት ያለበት እጃቸው ብርጭቆውን ይዟል፣ ሌላው ዝናብ እንዳይገባበት በሾርባ ሳህን ከድኖታል። ስለዚህ ለራሳቸው ጥላ የሚይዝ እጅ አልነበራቸውም።

"ልጄ፣ ሻይ።"

"ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ለምን ይለፋሉ?"

"ሲቀዘቅዝ አይጣፍጥም፤ ቶሎ ጠጣ" አሉና ዞሩ። ሌላ ቃል የለም። ግድግዳውን እየተደገፉ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ሲመለሱ አየኋቸው። ስልኬን አየሁ። ጥያቄው እዚያው ነው። ስብሰባ ላይ የማይገባው ሰውዬ እኔ ነኛ!

ወገኖቼ፣ አለቀስኩ። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ሪፖርት አላደረገብኝም! ኢሜይል ልኮ ዝም አላለም! ስሜን ሰርዞ ያለ እኔ አልቀጠለም! ያለሁበት ድረስ ራሱ መጣ! በሰው ሥጋ መጣ፣ ምን ይሉኛል ሳይል በግርግም ተኛ፣ ምን ይሉኛል ሳይል ለእኔ ተሰቀለ። በደጄ ቆሞ ሲያንኳኳ እኔ የኳስ ወሬ አዳምጥ ነበር። ሃሌ ሉያ! እልል በሉለት እንጂ!

ለቅሶዬ እስኪያልፍ ብዙ ቆየሁ፤ የቀዘቀዘውን ሻዬን ጠጣሁና ብርጭቆውን እንደያዝኩ ገባሁ። መቼ ብገባ ጥሩ ነው? ስብከቱ አልቆ ማስታወቂያ ላይ! ፓስተራችን ስለ ወንበር ማጠፍ እየተናገሩ ነው። እኔ መሃል መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። "ወንድሜ፣ ጥያቄ አለህ?" አሉኝ። "የለም፣ ጥያቄውስ ተመልሶልኛል። ጌታን መቀበል እፈልጋለሁ" አልኳቸው። የመሠረት ቦርሳ ወለሉ ላይ ሲበተን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

በማግስቱ እናቴ ጋ ደወልኩ። በሰው አልላክሁም፣ ራሴ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እኔማ እሁድ እሁድ እዚያ ደጅ መዋልህን ከሰማሁ ሰነበትኩ እኮ! መሠረት ጠይቄያት ነግራኛለች። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ብርድ መኪና ውስጥ መቀመጥህ ነበር።" አያችሁ? ስንት ዘመን የፈራሁት ሰው ሲያዝንልኝ ነው የኖረው። በሃይማኖቷ እሷ እንዳለች ናት፣ እወዳታለሁ፣ ትመርቀኛለች።

ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ቀኑ ቡክ ተደርጎ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ጌታ "ይቺኛዋን ጠቅ አድርግ" አላለኝም። እንደሱ ብል ውሸት ነው። የሁኔታ ጥያቄ ሲመጣ የድሮው ግርማ ብቅ ይልና እሺ የምትለዋን ምርጫ ሊነካ ይቃጣዋል። እኔ ግን ዝናብ ላይ የቆሙትን ጋሽ ወርቁን አስባለሁ። ሂድ፣ ፊት ለፊት አግኘው፣ እውነቱን ተነጋገር። አለፍኩ! ወረቀቱ ላይ ስለ ሰው አያያዝ ምን ይላል? "ከሚፈለገው በላይ!" ክብር ለጌታ ይሁን! ሊንዳ አቀፈችኝ። ቦታው የእኔ ሆነ። ወዲያው እሁድ እሁድ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። "አልችልም፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ" አልኳት። ሳቀችና "አሁን ገና አወቅኩህ" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ወርቁን "ያን ሁሉ ጊዜ ሻይ ሲያመጡልኝ ለምን አንድ ቀን እንኳ ግባ አላሉኝም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ግባ ብዬህ ቢሆን ኖሮ በይሉኝታ ትገባ ነበር" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ ያላችሁ፣ በደጄ ቆሞ የሚያንኳኳ አለ የምትሉ፣ ይሄን ጌታ እመኑት። አያሳፍራችሁም። እኔን ያለሁበት ድረስ መጥቶ ያገኘኝ ለእናንተም መንገዱ አይጠፋውም።

በሉ፣ መሠረት ተነሥታለች፣ መጨረሴ ነው። ስመጣ ውጭ አንዲት ግራጫ መኪና ቆማ አየሁ፤ መስኮቷ በትንፋሽ ተደፍኗል። የማን ባል እንደሆነ አልጠይቅም፣ እናንተም ዞራችሁ አትዩ። ጋሽ ወርቁ ዛሬ ይቀመጡ፣ ጉልበታቸው ይረፍ። ሻይ የምታፈሉት እህቶች፣ አንድ ሻይ ቅዱልኝ። መክደኛ ሳህኑንም ስጡኝ፤ ዛሬም ዝናቡ አላቆመም።