አንብቤ ነው የምፈርመው

ጀንበሬ ፈረንሳይኛ ሊማር መመዝገቡ የተሰማ ዕለት የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ስምንቱን ተሳቢ እየጎተተ ከአዲስ አበባ ወደብ፣ ከወደብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ነው የጨረሰው። እውነቱን ለመናገር ያስቃል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን መሪው ላይ በፕላስተር ለጥፎ፣ ጋቢና ውስጥ ብቻውን "ቦንዡር፣ ዠ ማፔል ጀንበሬ" የሚል ትልቅ ሰው በየቀኑ አይገኝም። "ሙሴ" የሚል ስም አወጡለት፤ በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት ነው። እሱም ሲጠሩት ደስ ብሎት አቤት ይላል፤ የቀድሞው ስሙ ከዚህ የባሰ ነበርና።

የቀድሞው ስሙ "ሰባሪው" ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወደቡ አጠገብ ካለ አንድ መጋዘን ሴራሚክ ጭኖ ወጣ። አዲስ አበባ ገብቶ ሸራው ሲገለጥ የጭነቱ ሩብ ደቅቆ ተገኘ። መንገድ ላይ ጎማ እንኳ አልፈነዳበትም። "ሲጫን ነው የተሰበረው" ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። አሠሪው ግን አንዲት ወረቀት አወጣና "ይቺ ፊርማ የማን ናት?" አለው። የእሱ ናት። ምን በሚል ጽሑፍ ሥር እንደፈረመ ግን አያውቅም፤ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። መኪናውን ተቀማ፤ ዓመት ሙሉ የልጁ እኩያ ለሆነ ሾፌር ረዳት ሆኖ ጎማ ሲፈታ ከረመ። በስንት ምልጃ መሪ ሲመለስለትም አሠሪው "ሁለተኛ ከተደገመ መኪና የሚባል ነገር አትነካም" ብሎ አስጠነቀቀው።

እንዴት ሳያነብ ይፈርማል የሚል ካለ የመጋዘኑን በር አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ማንበብ ነውር ነው። ሸራው ታስሮ ካለቀ በኋላ ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጭርበታል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ክላክሱን ያንባርቃል። ሰባት ሰዓት ሲቃረብማ አይጣል ነው። ጫት የሚገባበት ሰዓት ነውና መጋዘኑም ቢሮውም እስከ አሥር ሰዓት ይዘጋል፤ ያልፈረመ እዚያው ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ጀንበሬ የተመዘገበው በቀጥታ ቪዲዮ በሚያስተምር የኦንላይን የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ክፍለ ጊዜው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጅቡቲ ከተማ ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቅም ነው። አስተማሪዋ ሐዲጃ ጋቦዴ በሚባል የጅቡቲ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለሆኑ በፈረንሳይኛ ታስተምራለች፣ በአማርኛ ትቆጣለች። አንድ የማይታለፍ ሕግ አላት። ያረፈደ ሰው "ለምን አረፈድክ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁሉም እየሰማው በፈረንሳይኛ ካልመለሰ ትምህርቱ አይጀመርም። የጀንበሬ መልስ ሁልጊዜ አንዲት ቃል ነበረች። "ካሚዮን።" የጭነት መኪና ለማለት ነው። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቀን ሐዲጃ ከየሥራችሁ ወረቀት አምጡ አለች። ጀንበሬ ያቺኑ የመጋዘን ወረቀት ካሜራው ላይ ደቀነ። ሐዲጃ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አነበበችው።

"ጋሽ ጀንበሬ፣ ይህን ስንት ጊዜ ፈርመዋል?"

"ኧረ ማን ቆጥሮት! አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ።"

"'ዕቃውን አይቼ በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ፤ ምንም ቅሬታ የለኝም' ነው የሚለው።"

አይቼ! በሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ተጠፍሮ የመጣለትን! ጀንበሬ ደሙ ፈላ። ያንን ዓመት፣ ያንን ጎማ፣ ልጆቹ ፊት "ሰባሪው" ተብሎ የተጠራበትን ቀን አስታወሰና እንባው መጣ። ካሜራውን በመዳፉ ሸፈነ።

"እሺ፣ ምን ላድርግ?" አለ መዳፉን አንስቶ።

"መጀመሪያ ያንብቡ። ከዚያ ዕቃውን ይዩ። የተሰበረ ካለ ከፊርማዎ በላይ ይጻፉት፤ መብትዎ ነው።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቺኑ ሲያነብ፣ ያቺኑ ሲጽፍ ሰነበተ።

ከዚያ የሚፈራው ቀን መጣ። ያው መጋዘን፣ በካርቶን የታሸገ የእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ ሸራው ታስሯል። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው አብዱላሂ ወረቀቱን በመስኮት አቀበለው። አማርኛን ከሾፌሮች ስለለመደ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ፈርም!"

ጀንበሬ ሞተሩን አጠፋ። ከጋቢናው ወረደ፤ መነጽሩን አደረገ።

"ዠ ሊ ዳቦር" አለ። መጀመሪያ አነባለሁ።

ጀንበሬ ጣቱን እያስከተለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዷን መስመር እየተንተባተበ ማንበብ ጀመረ። ከኋላው ክላክሱ ቀለጠ። ከሁሉ አብልጦ የሚያንባርቀው ቀጥሎ የቆመው ታምሩ ነው፤ "ሙሴ" የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

"ጫት ገብቷል፣ አባቴ! ሰው ይጠብቀኛል!" አለ አብዱላሂ።

"ይጠብቅህ። እኔም ዓመት ጠብቄያለሁ።" ጀንበሬ ወረቀቱን አጠፈ። "እዚህ ላይ 'አይቼ' ይላል። አላየሁም። ሸራው ይፈታ።"

"ካልፈረምክ ይራገፋል! ተራህንም ታጣለህ!"

መዘግየቱ አሠሪው ጆሮ ከደረሰ ጀንበሬ መሪውን ዛሬውኑ ሊቀማ ይችላል። ሆኖም አሻፈረኝ አለ።

"ይራገፍ! ሲራገፍ ሁላችንም እናየዋለን።"

አብዱላሂ ሰዓቱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ጭነቱን አየ። ማራገፍ ማለት እስከ ማታ ነው። እየተራገመ ሸራውን አስፈታ። ከኋላ፣ ከታችኛው ድርድር አራት ካርቶን ተጨፍልቋል፤ አንዱን ሲነካኩት ስባሪ መሬት ላይ ተንኮሻኮሸ። ሊጣላ የመጣው ታምሩ ጎንበስ ብሎ ስባሪውን አነሳና አገላበጠው። ጀንበሬ ወረቀቱን ጎማው ላይ አስደግፎ፣ "አራት ካርቶን ተሰብሯል" ብሎ በፈረንሳይኛ በትልልቁ ጻፈ። ፊርማውን ከሥሩ አኖረ። የወረቀቱን ቅጂ ተቀብሎ፣ ከበሩ ወጥቶ መኪናውን ጥግ አስያዘ።

ስልኩን ለጥፎ ሲገባ ሃያ ደቂቃ አርፍዷል። ከጎኑ ታምሩ ተቀምጧል፤ ካልተነበበልኝ አልፈርምም ብሎ በሩ ተዘግቶበት፣ ባዶ ፊርማ ቦታ ያለውን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሐዲጃ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

"ሙሴ ጀንበሬ፣ ለምን አረፈዱ?"

ክፍሉ "ካሚዮን" እስኪል ይጠብቃል። ጀንበሬ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፤ ቀና አለ።

"ዠ ሊዜ" አለ። እያነበብኩ ነበር።