ሐበሻ የማይደርስበት አዳራሽ

ቅዳሜ ንጋት፣ ፎረስት ሎን

ገና ሳይነጋ የኮሮላዬን መስታወት እየፋቅሁ ነው። ማታ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ግማሹ ቀልጦ ነበር፤ አሁን መልሶ ጠጥሯል። የዛሬው ጉዞዬ ከካልጋሪ አይወጣም፤ ከአሥራ ሰባተኛ አቬኑ ተነስቶ እዚያው ይመለሳል። ከዚህ የረዘመ መንገድ ግን ነድቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም፣ ታደሰ፣ ደሴ ላይ አርፏል። ስልክ የተደወለው ለማኅበራችን ሽማግሌ ለጋሼ መኮንን ነው። መርዶ እንደ ወጉ ሰው ተሰብስቦ በንጋት ይነገራል፤ እዚህ አገር ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው የሥራ ሺፍት ሲለቀው ነው። ስለዚህ ለእሑድ ተቀጠረ። እስከዚያ እትዬ አስካለ እንዳይሰሙ መጠበቅ የኔ ሥራ ሆነ።

"ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ውሰዳቸው" አሉኝ ጋሼ መኮንን። "የሰማ ሰው ካገኛቸው ፊቱ ያሳብቅበታል።"

"የኔስ ፊት?"

"አንተማ ድሮም ፊትህ አይነበብም።"

ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም። "አዲስ ሰፈር ላሳይዎት" ብዬ እትዬ አስካለን ልወስድ ሄድኩ። ጫማቸውን እስኪያደርጉ የቤት ስልካቸውን ገመድ ነቅዬ ከሶፋው ኋላ ጣልኩት።

ረፋድ፣ ኮራል ስፕሪንግስ

ቤቶቹ ገና እየተሠሩ ናቸው። ጣውላ፣ ሚስማር፣ ጭቃ፣ መሀል ላይ ሰው የቆፈረው ሐይቅ። እትዬ አስካለ ካፖርታቸውን ሰብስበው ዳር ቆሙ።

"እማዬ ከደሴ ብትመጣ ውሃውን ትፈራዋለች" አሉ እየሳቁ። "ታዴ ግን ዓሣ ካላጠመድኩ ይላል። እሱን ማን ይችለዋል!"

"ይበርዳል እትዬ፣ እንሂድ" አልኩ።

ምሳ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ፣ ቬትናሞች ቤት፣ የሚያቃጥል ሾርባ ጠጣን። ሁለት ሐበሾች በመስኮቱ ሲያልፉ አየሁና በሜኑው ተከለልኩ። "ምን ሆነሃል ዛሬ?" አሉኝ።

ከሰዓት፣ መሀል ከተማ

ፓርክ አደረግኩና ሙዚየም ገባን። እዚህማ ሐበሻ አይመጣም ብዬ ነው። የጥንት የሂንዱ ቅርጻ ቅርጽ ኤግዚቢሽን አለ። ቀይ ድንጋይ፣ ደብዛዛ መብራት፣ እጃቸው የበዛ አማልክት።

"አንተ! ለጣዖት ልታሰግደኝ ነው ያመጣኸኝ?" አሉ እያማተቡ።

"ማየት ብቻ ነው እትዬ።"

በመጨረሻው አዳራሽ አንዲት የድንጋይ ሴት አለች። ፀጉሯ ተበትኗል። አንድ እጇ ደረቷ ላይ፣ ሌላው አናቷ ላይ ነው። እትዬ አስካለ ማማተባቸውን ተዉት።

"ይቺ መርዶ ደርሷታል" አሉ።

ክው አልኩ። ይህን ሁሉ ከተማ ትቼ ለቅሶ ቤት አመጣኋቸው!

ሳሪዋ ላይ ሹራብ የደረበች ህንዳዊት አስጎብኚ ጠጋ አለችን። የድንጋይዋ ሴት ባሏን የአምላክ ቁጣ አመድ ያደረገባት ናት አለች። እሷ ስትናገር እኔ እተረጉማለሁ። በሳንስክሪት ሊቃውንት ትምህርት ስሜት ጣዕም አለው፤ የኀዘን ጣዕም "ካሩና" ይባላል። የሚቀምሰው ግን ተመልካቹ ነው፤ ኀዘንተኛዋማ ትቃጠላለች እንጂ ምን ትቀምሳለች። ሰው ፈለገም አልፈለገም ከውስጥ የሚወጡ ምልክቶችም አሉ፦ እንባ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የፊት መገርጣት፣ የድምፅ መሰበር…

እዚህ ላይ የኔው ድምፅ ተሰበረ።

እትዬ አስካለ ፊታቸውን ከድንጋዩ ወደኔ አዞሩ። ግንባሬን አዩት፤ አልቦኛል። እጄን አዩት።

"እናቴ ናት ወይስ ወንድሜ?"

አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አነሱብኝ።

"ተው፣ አትንገረኝ። ለነገ ንጋት ነው አይደል? ዛሬን ሁለቱም ይኑሩልኝ።"

አስጎብኚዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። መተርጎም አቃተኝ።

ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ከመኪናው ሲወርዱ "በረዶው ያዳልጣል፣ ቀስ ብለህ ንዳ" አሉኝ።

እሑድ ንጋት፣ ፎረስት ሎን

ጋሼ መኮንን ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ኮቴያችንን አጥፍተን ደረጃውን ወጣን። ማወቃቸውን ለማንም አልተናገርኩም። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰዋል፤ ሹሩባቸውን ፈትተዋል። ቤቱ ለለቅሶ ተሰናድቷል፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ወንበሮቹ ተደርድረው።

ጋሼ መኮንን ያሰቡት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው።

"ታደሰ" አሉ፣ በቃ።

እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ጩኸታቸው ፎቁን ሁሉ ቀሰቀሰው። እኔ ቀድሜ ስለማውቅ ልቤን አጠንክሬ እቆማለሁ ብዬ ነበር። የት አባቱ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘግይቶ፣ ለሚመጣው ሰው ወንበር ላመቻች ስል የስልኩ ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። ከሶፋው ኋላ የጣልኩት ገመድ ተነስቷል። በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ እንደተነቀለ፣ ስልኩ ላይ ተቀምጧል።