ዋሪክ ለሁለተኛው ክፍል የጻፈው ሐሳብ

ዋሪክ ቶሊ የእህቴ የኬሪን ባል ነው። በአውስትራሊያ፣ ከማካይ ወደብ ወደ መሀል አገር ገባ ብላ በምትገኘው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማችን አሥራ ስድስት ዓመት ትልቁን የማዕድን መኪና ነድቷል። አንድ ዝናባማ ጠዋት መንገዱ ከሥሩ ተናደና መኪናው ተገለበጠ። አብሮት ተሳፍሮ የነበረው ጓደኛው ጋርት ነበር። ዋሪክ ወገቡ ተሰብሮ፣ በክርኑ እየተሳበ፣ የቆሰለውን ጋርትን በቀበቶው ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ሊጎትተው ሞከረ። ግማሽ ላይ አቅሙ አለቀ። ሰው ሲደርስላቸው ጋርት ሞቷል።

ከዚያ ወዲህ ዋሪክ ከተሽከርካሪ ወንበር አልተነሣም። ስለዚያ ቀን ለኬሪን እንኳ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም ነበር። ቤት መዋሉ ሲያስጨንቃት የቪዲዮ ጨዋታ ገዛችለት፤ ሰፊ አገር ውስጥ ጠመንጃ ይዘህ እንዳሻህ የምትዞርበት የተኩስ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ሲያሾፍበት ነበር። ወር ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ጨረሰው።

ሁለተኛው ክፍል እየተሠራ መሆኑን ሲሰማ በሠሪዎቹ ድረ ገጽ ላይ ሐሳብ መጻፍ ጀመረ። ፊደል ስለሚገድፍ የማርምለት እኔ ነበርኩ። "ከጠላት ያጸዳሁት ምሽግ ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር በወታደር አይሙላ" አለ። በጨዋታው ያሉት የመንደር ሰዎች ያችኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይደጋግሙ፤ መኪናው እንደ ፍየል ገደል አይውጣ፣ ክብደት ይኑረው፤ ካርታው ላይ ምልክት ቀንሱና ሰው መሬቱን እያየ መንገዱን ይፈልግ። እዚያው ድረ ገጽ ላይ የሚጽፉ ወጣቶች "ሽማግሌው፣ ሂድና ዓሣህን አጥምድ" እያሉ ይመልሱለታል። ገና አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር።

የመጨረሻው ሐሳቡ ረጅም ነበር። ጓደኛህ ሲቆስል ተሸክመኸው ውጣ ይላል። ስትሸከም መተኮስም መሮጥም አትችልም፣ ውሃ ይጠማሃል። አንዳንዴ ምንም ብታደርግ አይተርፍም፤ ከሞተ ደግሞ ጨዋታው እስኪያልቅ ሞቷል።

"ይሄን ማን ገዝቶ ይጫወታል?" አልኩት።

"አንተ ፊደሉን አርም" አለኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሜልቦርን ኢሎና የምትባል የጨዋታው ነዳፊ ደወለችለት። አርባ ደቂቃ አወሩ። እኔና ኬሪን ወጥ ቤት ሆነን የጋርትን ነገር ከነዝርዝሩ ሲነግራት ሰማን። ኬሪን ቧንቧውን ከፍታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበ ዕቃ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ወጣ። ኢሎና ቀደም ብላ ከሥራ ተቀንሳ ነበር፤ መሸከሙን እንዳስገባችለት፣ የሞተው ሞቶ ይቅር ስትል ግን አለቆቿ እንዳልሰሟት ጽፋ ይቅርታ ጠየቀችው። እውነትም ቁስለኛው ትከሻ ላይ ሆኖ ያቃስታል። ዋናው መንገድ ስታደርሰው ግን አምስት መቶ ነጥብና አዲስ ጠመንጃ ይሰጡሃል። ከሞተብህ ስክሪኑ ይጠቁርና ሰውየው ዛፍ ተደግፎ፣ በሕይወት፣ እንደገና ይጠብቅሃል።

ይናደዳል ብዬ ነበር። አልተናደደም። ሌላውን ሁሉ ትቶ ያችን ቦታ ብቻ መጫወት ያዘ። ኬሪን ከሥራ ስትመለስ ጠዋት እንደተወችው ታገኘዋለች፤ ምሳው አልተነካም። ለስክሪኑ "አይዞህ፣ ደርሰናል" ሲል ትሰማዋለች።

በሦስተኛው ወር ኬሪን የጨዋታውን ማሽን ይዘህልኝ ሂድ አለችኝ። እሁድ ከቀትር በኋላ ሄድኩ። ዋሪክ ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል።

"ትንሽ ታገሠኝ፣ ይሄን ሰው ላድርሰው" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ተቀምጬ ጠበቅኩት። አደረሰው። ነጥቡም ጠመንጃውም መጣ፤ ልብ አላላቸውም። ወዲያው ወደ መጀመሪያው መለሰው።

"ዋሪክ፣ ይበቃል" አልኩት።

"ጋርት የዚያን ቀን እረፍት ነበር" አለ። "ና ተሳፈር ያልኩት እኔ ነኝ።"

የማሽኑን ገመድ ሳልነቅል ተነሣሁ። ኬሪን በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፤ ባዶ እጄን ስወጣ አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች።