የእንሰቱ ለቅሶ

ሆሳዕና ገበያ ቅቤ የምትሸጠውን ጵርስቅላን የማያውቅ የለም። የሰፈራችን እድር ድስትና ድንኳን የሚወጣው በእሷ ቁልፍ ነው። ሐዘን ሲመጣ ማን ንፍሮ፣ ማን ቆጮ እንደሚያመጣ የምትመድበው እሷ ናት፤ አንድም ቀን ጎድሎባት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ያለውን የአንድ መንደር እንሰት በሙሉ አጠውልግ የሚሉት በሽታ ጨረሰው። እንሰት በአንድ ክረምት አይተካም። ዝናብ የእናቴን ጓሮ እንሰት ሲመታው የነበረው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፤ እዚያ መንደር ዝናቡ የሚያርፍበት ቅጠል አልነበረም።

ጵርስቅላ እህል እናሰባስብ አለች፤ ከተማው ሰጠ። ባለሱቁ ፈትሁዲን ዘይትና ጨው ጨምሮ አይሱዙውን ራሱ ነዳላት። ባነር ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ ዳገቱን ወጡ። በር የከፈተላቸው ግን አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ አጵሎስ ብቻ ወጥተው አመሰገኑና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንሰታችን ሞተ እንጂ እኛ አልሞትንም» አሉ።

አይሱዙው እንደተጫነ ተመለሰ። ፈትሁዲን በዚያ ጩኸት እንኳን የራበው የጠገበም ይሸሻል እያለ መንገዱን ሙሉ ቀለደባት። እሷ ግን እዚያ ቤቶች ውስጥ ጦማቸውን ስለሚያድሩት ልጆች ታስብ ነበር። ከተማ ሲገቡ እቃው እንዳይራገፍ ነገረችው።

«ሽማግሌው ሞት ነገሩኝ» አለች። «እኔ እኮ ሞት ሲነገረኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።»

በማግስቱ ባነሩ ወረደ። መኪናው ከመንደሩ በታች ቆመ፤ የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የተሸፈነ ሰፌድና ድስት ይዘው በእግራቸው ወጡ። ፈትሁዲን ጆንያ ተሸክሞ ከኋላ እያለከለከ ይከተላል፤ ቀልዱን ትንፋሽ አጥቶ ትቶታል። ለቅሶ ቤት የገባን ምግብ ክዳኑን ገልጦ የሚያይ፣ አልፈልግም ብሎ የሚመልስ በእኛ አገር የለም።

ጵርስቅላ የአቶ አጵሎስ ደጃፍ ላይ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ እንሰቱ መሞቱን ነግረውኝ ነበር። ትናንት ለቅሶ ሳልደርስ ሄድኩ፤ ይኸው ዛሬ መጣን።»

ሽማግሌው ዞረው ባዶ ጓሯቸውን አዩ። ከዚያ ሚስታቸውን በሀዲይኛ ጠርተው አግዳሚ ወንበር እንዲያወጡ ነገሯቸው።

«ግቡ» አሉ። «ለቀስተኛ ደጅ አይቆምም።»

ከዚያ በኋላ የተዘጋ በር አልቀረም። ሴቶቹ በየቤቱ እየገቡ ተቀመጡ፤ የትኛው እንሰት በማን ሰርግ እንደተተከለ፣ የትኛው ለየትኛው ልጅ ታስቦ እንደቆየ ሲነገራቸው ሰሙ። ሰፌዶቹን ጓዳ ያስገባቸው ማን እንደሆነ ያየ የለም። ማታ ግን ከየጣራው ጭስ ወጣ።

ዘንድሮ በሰፈራችን ሰው ሲሞት አቶ አጵሎስና ጎረቤቶቻቸው ዳገቱን ወርደው መጡ፤ ሚስታቸው የተሸፈነ ሰፌድ ይዘዋል። ጵርስቅላ ድንኳኑ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ክዳኑን አልገለጠችም፤ ከሌሎቹ ሰፌዶች መካከል አስቀመጠችው።